ንግግርንና የዕለት ተግባርን የሚያግዙ ሕክምናዎች

በስትሮክ የተጠቁ አርሶ አደር ክንዳቸው መንቀሳቀስ ቢጀምርም ቁልፍ መቆለፍ ወይም ጉርሻ ወደ አፍ ማድረስ ሊሳናቸው ይችላል። ይህን መልሶ የሚያለማምደው ሕክምና ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። ማለማመጃው የዕለት ሥራው ራሱ ነው። እንሰት ሲፍቁ የኖሩ እናት፣ ለምሳሌ፣ ተቀምጠው ጎመን መክተፍን ሊለማመዱ ይችላሉ፤ የቢላዋው እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢወፍር ለደካማ እጅ ይመቻል።

ከስትሮክ በኋላ ቃል የጠፋበት ሰው ማሰብ አቁሟል ማለት አይደለም። በአጭር ዐረፍተ ነገር ጠይቆ መልሱን መታገሥ ያስፈልጋል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ መዋጥንም ይመረምራል። ሲጠጣ የሚያስለው ሕመምተኛ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ተጋድሞ መመገብ የለበትም።

ልጅ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃላት ካላጣመረ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እየተባለ ሊጠበቅ አይገባም፤ አስቀድሞ የመስማት ችሎታው ይመርመር። በወልቂጤና በቡታጅራ ብዙ ሕፃናት ጉራጊኛንና አማርኛን እየሰሙ ያድጋሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር እክል አያመጣምና የቤትን ቋንቋ መተው አያሻም። እንጥል ማስቆረጥም አፍ አይፈታም፤ ይልቁንም ለመድማትና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

በሀገሪቱ ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ኦኩፔሽናል ቴራፒን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የንግግር ሕክምናን ያስተምራሉ። ስለዚህ ለአካባቢው ነዋሪ መነሻው በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሲሆን፣ ሪፈር የሚጻፈውም ከዚያ ነው። ወላጆች ልጃቸው ሲጫወትና ሲያወራ በስልክ ቀርጸው ቢወስዱ ለመርማሪው ይጠቅማል፤ ሕፃን እንግዳ ሰው ፊት ዝም ማለቱ የተለመደ ነውና።