የዋግሹም ወንበር

በላሊበላ ዐለት ፈልፍለው አብያተ ክርስቲያናትን ያነጹት የዛጉዌ ነገሥታት ዘውዳቸውን ከለቀቁ በኋላ ዘራቸው ምን ሆነ? የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው።

በ1262 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ሲዛወር፣ ትውፊት እንደሚነግረን፣ ከላስታ በስተ ሰሜን ያለው የዋግ ግዛት ለዛጉዌ ዘር ተተወለት። የጎንደር ከተማ ሹም ከንቲባ እንደሚባል፣ የሰቆጣውም ባላባት ዋግሹም ተባለ። ከግዛቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ክብሩ ነው። ነጋሪት እያስመታ ይጓዝ፣ ሌላው መኳንንት ቆሞ ሳለ እርሱ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር ይቀመጥ ነበር ይባላል። ዘውድ ላጣ ወገን ወንበር መስጠት ቂምን ማብረጃ ጥበብ ነበር።

ወንበሩ ግን ዘውዱን ፈጽሞ አላስረሳም። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ የተገደሉባቸው ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በ1863 ዓ.ም. ግን በዐድዋ አጠገብ በሚስታቸው ወንድም በካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ድል ሆነው ተማረኩ።

የዋግሹምነት ማዕረግ ከዚያም በኋላ እስከ 20ኛው ምእት ዓመት ዘለቀ። በጦር የተያዘው ዘውድ 3 ዓመት ብቻ ሲቆይ፣ በስምምነት የተገኘው ወንበር ዘመናትን ተሻገረ።