ተራራው ተለክቷል፣ አየሩስ? የጮቄና የዓባይ ሸለቆ ሰማይ በኮምፒውተር ዘመን

ክረምቱ አልፎ አየሩ ታጥቦ በጠራበት የመስከረም ጠዋት፣ ከሞጣ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው ጮቄ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። በመጋቢት ከዚያው ቦታ ቢቆም ግን ተራራው ደብዝዞ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሎ ያገኘዋል። ርቀቱ በቀጥታ መስመር ያው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተለወጠው በመካከል ያለው አየር ነው።

የጎጃም መሬት ቅርፅ ላለፉት 180 ዓመታት ሲለካ ኖሯል። ዛሬ ማንም ሰው የቢቸናንና የሞጣን ጋራና ሸለቆ ከኢንተርኔት በነፃ አውርዶ በኮምፒውተር ሊያቆመው ይችላል። በላዩ የሚዘረጋው ሰማይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሌላ አገር ሰማይ ነው። ተራራውን ትንሽ የሚያስመስለውም ይኸው የተዋሰ ሰማይ ነው።

የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ይህ ችግር አልነበረበትም። ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለውን ሰማይ በደማቅ ቀለም ይሞላዋል እንጂ ርቀትን በጭጋግ አያሳይም። የሰው መጠን የሚወሰነው በቅርበቱ ሳይሆን በክብሩ ነው። አለማወቅ አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ልኬት ነው።

ርቀትን በመሣሪያ የመለካቱ ሥራ በስፋት የመጣው ከፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ ጋር ነው። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ1838 ምጽዋ ገብቶ ለአሥር ዓመት ያህል አገሩን ዞረ። አርኖ ከጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ጋር ሲወዳጅ፣ አንትዋን ተራራን ከተራራ በማዕዘን እያያያዘ ይለካ ነበር። እንዲህ ላለ ቀያሽ ዋናው ጠላት የበጋው ደረቅ ጭጋግ፣ ማለትም ቆባር ነው። ቃሉ ድንበር ተሻግሮ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሳይቀር የላይኛው ናይል ደረቅ ጭጋግ መጠሪያ ሆኖ ሰፍሯል።

ከእሱ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የዓባይን ሸለቆ ጠርዝ ተከትሎ ተጓዘ፤ መጽሐፉንም በ1936 አሳተመ። በ1964 ደግሞ አሜሪካውያን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ያካሄዱት የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ወጣ። በመጨረሻም በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ አብዛኛውን የዓለም የብስ በራዳር ለካች። በየ30 ሜትሩ የተለካው ዝርዝር መረጃ በ2014 ለሕዝብ ክፍት መሆን ሲጀምር ቅድሚያ የተሰጠው ለአፍሪካ ነበር። እንግዲህ የምድሩ አጥንት ተሟላ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ተረቱ። ኮምፒውተር ግን ሰማዩን ማረስ ከጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሎረን ካርፔንተር በሒሳብ የተወለዱ ተራሮችን በአጭር ፊልም አሳየ። በ1985 ኬን ፐርሊን የተፈጥሮን ዝብርቅርቅነት የሚመስል የሒሳብ ዘዴ አሳተመ፤ በ1997ም የኦስካር የቴክኒክ ሽልማት አስገኘለት። ቴራጀንን የመሳሰሉ የመልክዓ ምድር ሶፍትዌሮች ደመና የሚሠሩት በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው። ሠሪው የደመናውን ከፍታ፣ ውፍረትና ስፋት፣ እንዲሁም ጭጋጉ ወደ ላይ በስንት ሜትር እየሳሳ እንደሚሄድ በቁጥር ይሰጣል።

ስህተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የደመና ከፍታ ከባሕር ጠለል ጀምሮ ተቆጥሮ 1,500 ሜትር ላይ ተቀመጠ እንበል። ለባሕር ዳርቻ አገር ይህ ያምራል። ቢቸናና ሞጣ ግን ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ደመናው ከእግራቸው በታች፣ ገሚሱም መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል ማለት ነው። ጮቄማ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በክረምት ደመናው ራሱ መጥቶ ይተኛበታል፤ ያን ጊዜ ስሙ ደመና መሆኑ ቀርቶ ጉም ይሆናል።

ሁለተኛው የደመናው ስፋት ነው። አንድ ተራ የጥጥ ክምር የሚመስል ደመና ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ሠሪው ለውበት ብሎ አንዱን ደመና ከሞጣ እስከ ጮቄ ቢለጥጠው፣ ዓይን ደመናውን እንደ ወትሮው መጠን ይወስድና ተራራውን ወደ ጉብታ ያወርደዋል። ትናንሽ ደመናዎች ተደርድረው ጥላቸው በማሳው ላይ ሲያርፍ ግን ሰፊው አገር ስፋቱ ይመለስለታል።

ሦስተኛው ጭጋጉ ነው። ሎርድ ሬይሊ በ1871 እንዳስረዳው ሰማይን ሰማያዊ የሚያደርገው የአየር ቅንጣቶች ሰማያዊውን ብርሃን አብልጠው መበተናቸው ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ የጠራው ሰማይ ጠቆር ይላል፤ ሩቁም ቅርብ ይመስላል። የመጋቢቱ ቆባር ግን አቧራና ጭስ ያለበት ስለሆነ ሰማያዊ ሳይሆን ነጣ ያለ ቡናማ ነው። ሁለቱን በአንድ ቁጥር የሚሠራ ሰው የመስከረምን ጎጃም በመጋቢት ጎጃም ይቀይረዋል።

ይህ የሥዕል ቅንጦት ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ታሪክ በፊልም፣ በጨዋታና በሙዚየም ስክሪን እንደ አዲስ እየተሣለ ነው። ከሞጣ ወጣ ብሎ ያለው፣ በፋሲለደስ ዘመን የተሠራው የሰባራ ድልድይ በኮምፒውተር ሲቆም፣ ድንጋዩን ማስመሰል ይቻላል። የሸለቆው ጥልቀት ካልተሰማ ግን ጎጃምንና ቤጌምድርን ያገናኘ ድልድይ ምን ያህል ነገር እንደነበር ልጆች አይረዱም።

የምድሩን ቁጥር ጠፈር ሰጥቷል። የአየሩን ቁጥር የሚያውቀው ግን ጉምን ከጭጋግ፣ ጭጋግን ከቆባር ለይቶ የሚጠራው የአገሩ ገበሬ ነው። ባለኮምፒውተሩ ወጣት ሶፍትዌሩን ከመክፈቱ በፊት እሱን ቢጠይቅ፣ የጎጃም ተራራ በራሱ ሰማይ ሥር ይቆማል።