የማያውቀው ጆሮ፦ የስልክ ድምፅ ጥራት ምዘና ታሪክና የቃል ታሪክ ሥራችን



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ለታሪክ ትምህርት እንግዳ ሊመስል ይችላል። የስልክ ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ጥራት እንዴት ይመዘናል የሚለው ጥያቄ የመሐንዲሶች፣ ቢበዛም የስልክ ነጋዴዎች ጉዳይ ነው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ዛሬ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ከአረጋውያን ቃል የሚሰበስቡ ተማሪዎቻችን ከጥቂቶች በቀር የሚቀርጹት በኪሳቸው በያዙት ስማርት ስልክ ነው። የካሴት መቅረጫ ዘመን አልፏል። እንግዲህ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የሚያገኘው ማስረጃ ይህ መሣሪያ መስማት የቻለውን ያህል ብቻ ይሆናል። መሣሪያው ምን እንዲሰማ፣ ምንስ እንዲተው ተደርጎ እንደ ተሠራ መጠየቅ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ማርች 10 ቀን 1876 ቦስተን ውስጥ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ረዳቱን ቶማስ ዋትሰንን በሽቦ እንደ ጠራው፣ ዋትሰንም ከሌላው ክፍል ሰምቶ እንደ መጣ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ተምረናል። ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ግን እምብዛም አይነገርም። ሁለቱ ሰዎች ቦታ ተለዋወጡ፤ ዋትሰን ከአንድ መጽሐፍ ያነብ፣ ቤል ያዳምጥ ጀመር። ቤል በማስታወሻ ደብተሩ እንዳሰፈረው ድምፁ ጎልቶ ይሰማ ነበር፤ ነገር ግን የታፈነና የማይለይ ነበር። የንባቡን ሐሳብ ሊይዝ አልቻለም። ጥርት ብለው የደረሱት እዚህም እዚያም የወደቁ ጥቂት ትናንሽ ቃላት ናቸው። በመጨረሻ ዋትሰን የምናገረው ይገባሃል ወይ ብሎ ሲጠይቀው ግን ጥያቄው በግልጽ ተሰማው። ቤል በዚያው ገጽ አንድ ነገር ጨምሮ ጽፏል፤ ዋትሰን ያነበበውን ክፍል አስቀድሞ አንብቦት ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱን ቃል ይለየው እንደ ነበር።

በእኔ ግምት ስለ ስልክ ድምፅ ጥራት ከተጻፉት ሁሉ ይህች አስተያየት ትበልጣለች። የሚያውቅ ጆሮ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል፤ ስለዚህ የመሣሪያውን ጉድለት አያይም። ቤል መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ንግግር ያስተምር የነበረ፣ እናቱም የመስማት ችግር የነበረባት ሰው ስለ ነበር፣ ጆሮ የሚቀበለውንና አእምሮ የሚጨምረውን ለይቶ ማየቱ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ከሦስት ወር በኋላ ያደረገው ነው። በጁን ወር በፊላዴልፊያው ኤግዚቢሽን መሣሪያውን ለብራዚል ንጉሠ ነገሥትና ለታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ለዊልያም ቶምሰን ሲያሳይ በሽቦው ያሰማው የሼክስፒርን ሐምሌት፣ ያውም የተማረ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን ክፍል ነው! ቤል ተንኮለኛ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ገበያውን ግን ያውቅ ነበር። ዛሬም የስልክ ሻጭ የድምፅ ማጉያውን ጥራት ሊያሳያችሁ ሲፈልግ የሚከፍትላችሁ የምታውቁትን ዘፈን ነው።

ቤል በማስታወሻው የጻፈውን ወደ ምዘና ዘዴ የለወጡት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው። በመካከሉ ያለውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። ኤዲሰንና ሌሎችም በ1870ዎቹ መጨረሻ በከሰል የሚሠራ ማይክሮፎን አወጡ፤ ይኸው ዓይነት ማይክሮፎን አንድ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዓለም ስልኮች ውስጥ ቆየ። የከሰሉ ቅንጣቶች ሲጠቀጠቁ ድምፁ ስለሚደክም ሰዎች እጀታውን መታ መታ ያደርጉት ነበር። በዚያ ዘመን የመስመርን ጥራት የሚለኩት በንጽጽር ነበር፤ ይህ መስመር ስንት ማይል ደረጃው የተወሰነ ገመድ ያህል ድምፁን ያደክመዋል ብለው ይጠይቁ ነበር። ልኬቱ የጉልበት እንጂ የመለየት አልነበረም።

በ1910 ጆርጅ ካምቤል የተባለ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ መሐንዲስ ሌላ ጥያቄ አነሣ። ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት በስልክ እያስነገረ፣ አድማጩ የትኛውን ተነባቢ ከየትኛው ጋር እንዳምታታ መዘገበ። ቀለሙ ትርጉም ስለሌለው አእምሮ የሚሞላበት ምንም ነገር አያገኝም፤ የቤል ችግር በዚህ ተፈታ። ሃርቪ ፍሌቸርና ባልደረቦቹ በኋላ ቤል ላብራቶሪስ በተባለው ተቋም ይህን ዘዴ አስፋፉት። ፍሌቸር ውጤቱን በ1929 በመጽሐፍ አወጣው። ካገኙት ነገር ለእኛ የሚጠቅመው ሁለት ነው። አንደኛ፣ አብዛኛው የንግግር ጉልበት ያለው በዝቅተኛው የድምፅ ድግግሞሽ፣ ማለትም በአናባቢዎች ዘንድ ነው፤ ቃልን ከቃል የሚለየው መረጃ ግን በብዛት ያለው ጉልበቱ በደከመው በከፍተኛው ክፍል ነው። ጎልቶ መሰማትና መለየት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሁለተኛ፣ ብዙ ነጠላ ቀለማት በሚሳቱበት መስመር ላይ እንኳ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሲነገር ሰው ሁሉንም ለማለት በሚቻል ደረጃ ይረዳል።

ኩባንያዎቹ ከሁለቱ ግኝቶች የወደዱት ሁለተኛውን ነው። ዐረፍተ ነገር ከተረዱ ለምን ተጨማሪ ገንዘብ እናወጣለን? በአንድ ሽቦ ብዙ ጥሪ ለማሳለፍ ለእያንዳንዱ ጥሪ የሚሰጠው ቦታ መጥበብ ነበረበት፤ ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለው ክፍል ብቻ እንዲያልፍም ተወሰነ። በ1972 የወጣው የዲጂታል ስልክ መለኪያ በሴኮንድ 8000 ናሙና ሲወስድ ያንኑ ጥበት ወረሰ። ዛሬ ሰፋ ያለ ድምፅ የሚያሳልፉ አዳዲስ ዘዴዎች ቢኖሩም፣ በተራ የስልክ መስመር ከውጭ አገር ካለ ኢትዮጵያዊ ጋር ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በዚያ ጠባብ መስኮት ነው።

ይህ በአማርኛ ሲታይ ምን ማለት እንደ ሆነ እንመልከት። የ«ሰ» ፉጨት አብዛኛው ጉልበቱ ከ3400 ሄርዝ በላይ ነው፤ «ፈ» ደግሞ ከመነሻው ደካማ ነው። ስለዚህ በጠባቡ መስመር «ሠራ» እና «ፈራ»፣ «ሳቀ» እና «ፋቀ» ይቀራረባሉ። «መጣ» እና «መታ» የሚለዩት ጉሮሮን ዘግተን በምንለቃት አጭር ፍንዳታና እርሷን በምትከተል ቅጽበታዊ ዝምታ ነው፤ ድምፁን የሚያለሰልስ ማንኛውም ማሽን መጀመሪያ የሚነካው ይህችን ነው። በአንጻሩ መጥበቅና መላላት የጊዜ ርዝመት ጉዳይ ስለሆነ «አለ» ላልቶም ጠብቆም ቢነገር በጠባብ መስመር ሳይጎዳ ያልፋል። ቋንቋችን ከፊሉን ትርጉም በጊዜ ርዝመት መሸከሙ በስልክ ዘመን ጠቅሞታል ለማለት እደፍራለሁ።

በዕለታዊ ጭውውት ይህ ሁሉ አያስቸግርም። ቤት ሠራ ሲባል ቤት ፈራ ብሎ የሚሰማ የለም። አንድ ሽማግሌ ሰምተን የማናውቀውን የጎጥ ስም፣ የአንድ ተራ ጭቃ ሹም ስም፣ ርስት የተከፈለበትን ወንዝ ስም ሲጠሩ ግን ከዐውደ ንግግሩ የሚመጣ ርዳታ የለም። ለሰሚው ስሙ እንደ ካምቤል ትርጉም የለሽ ቀለም ነው። የታሪክ ማስረጃ ደግሞ ይበልጡን በስሞች ላይ ይቆማል። በዘር ሐረግ ቆጠራ አንድ ተነባቢ ሲሳት ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል፤ የተሳሳተው ስም አንድ ጊዜ በመመረቂያ ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ቀጣዩ ጸሐፊ እርሱን ይጠቅሳል። ስልክ የተመዘነው ሰዎች እንዲግባቡበት ነው። እንግዳ ስም እንዲያስቀምጥ አልተመዘነም።

የተቀረጸ ድምፅን በሚመለከት በእጃችን ያለው የቆየ ምሳሌ ይህንኑ ያሳያል። በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክ በፎኖግራፍ የተቀረጸ መልእክት ላኩ፤ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በ1899 በዚያው ዓይነት መሣሪያ በድምፃቸው መለሱ። የመልሱ ቅጂ እስከ ዛሬ ይሰማል። ተማሪዎች ቃሉ የተገለበጠበትን ጽሑፍ ከማየታቸው በፊት አንድ ጊዜ፣ ካዩ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ያዳምጡት። ሲሊንደሩ አልተለወጠም፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን በጫጫታው መካከል ቃላቱ ይወጣሉ። ታዲያ ጽሑፉን የገለበጠው ሰው አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ ቢሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚሰሙ ሁሉ የእርሱን ስሕተት በንጉሡ ድምፅ ይሰሙታል።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ምዘናው ከመለየት ወደ ምቾት ዞሯል። በ1996 የጸደቀው የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመሪያ አድማጮች ለሰሙት ድምፅ ከ1 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡ ያዝዛል። በ2001 እና በ2011 የወጡት ደግሞ ኮምፒዩተር የመጀመሪያውንና የተላለፈውን ድምፅ አነጻጽሮ ያንኑ ነጥብ እንዲገምት ያደርጋሉ። ጠቃሚ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን የተጠራው ስም ማን ነበር ብለው አይጠይቁም።

ስማርት ስልክ የተቀረጸው በዚህ መንፈስ ነው። የማይክሮፎኑ አካል በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ሩዝ የምታህል የሲሊከን ቁራጭ ሆና ከአሮጌው ከሰል ጋር በምንም አትወዳደርም። ችግሩ ከማይክሮፎኑ ኋላ የሚመጣው ነው። ከ2010 ገደማ ጀምሮ ስልኮች ሁለተኛ ማይክሮፎን ይዘው መጡ፤ አንዱ አፍ ዘንድ ሆኖ ንግግሩን፣ ሌላው ራቅ ብሎ የአካባቢውን ጫጫታ እንዲሰማና ጫጫታው እንዲቀነስ ነው። ይህ ስልኩ ጉንጭ ላይ ሲሆን በሚገባ ይሠራል። ስልኩ በሁለት ሰዎች መካከል ረከቦት ላይ ሲቀመጥ ግን ሁለቱም ማይክሮፎኖች የሚሰሙት ተመሳሳይ ነው፤ ጫጫታ አጥፊው ስሌት በነቃበት መተግበሪያም እንደ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉትን ፉጨት መሰል ድምፆች ከጫጫታ መለየት ይቸግረዋል። ከጎን ሆነው ተራኪውን የሚያርሙት ባለቤታቸው ድምፅም ከጫጫታ ሊቆጠር ይችላል።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ድምፅን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ስሌት ነው። ሽማግሌው አንድን ስም ሲጠሩ ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስልኩ ሹክሹክታውን ወደ ተራ ንግግር ከፍ ያደርገዋል፤ ቀጥሎ የተነሣውን ቁጣ ደግሞ ይጫነዋል። ከቅጂው ላይ ስሙን እናገኝ ይሆናል፤ ስሙ የተጠራበትን ፍርሃት ግን አናገኝም። ፍርሃቱም ማስረጃ ነበር።

ስለ ድምፅ ማጉያው ብዙ አልልም። አነስተኛ አካል ስለሆነ ዝቅተኛውን ድግግሞሽ ሊያወጣ አይችልም፤ አእምሯችን የጎደለውን የወንድ ድምፅ መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ቅጂን በዚያው ስልክ ማጉያ ሰምቶ ማይክሮፎኑን ማመስገንም ሆነ መውቀስ አይገባም፤ ለምዘና የጆሮ ማዳመጫ ይኑር።

ታዲያ ተማሪ ስልኩን እንዴት ይመዝን? የገጠር ስሞችን፣ በተለይም በአንድ ተነባቢ ብቻ የሚለያዩትን፣ በዝርዝር ያዘጋጅ። አንድ ሰው በአንድ ክንድ ርቀት፣ ከዚያም በሦስት ሜትር፣ አንድ ጊዜ በጸጥታ፣ አንድ ጊዜ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ያንብባቸው። ዝርዝሩን አይቶ የማያውቅ ሌላ ሰው ቅጂውን ሰምቶ ይጻፍ፤ ስንቱን ሳተ፣ የትኛውንስ በየትኛው ለወጠ የሚለው ይመዝገብ። መቅረጫው ጫጫታ ማጥፊያውን መዝጋት የሚፈቅድ ከሆነ ሁለቱም ይነጻጸሩ። ቅጂው ባልታመቀ መልክ፣ በ48000 ሄርዝ ይቀመጥ፤ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት የተላከው የታመቀ ቅጂ ለመስማት እንጂ ለቤተ መዛግብት አይሆንም። የስልኩ ዓይነትና የመቅረጫው አቀማመጥ ከተራኪው ስምና ከቦታው ጋር አብሮ ይጻፍ። ቃለ መጠይቁን ያደረገው ተማሪ እንደ ቤል አንባቢውን የሚያውቅ ጆሮ ስላለው፣ ስሞቹን መጀመሪያ የሚገለብጠው እርሱ ባይሆን እመርጣለሁ፤ የእርሱ ተራ ሁለተኛ ይሁን፣ ሁለቱ ያልተስማሙባቸው ስሞችም ወደ ተራኪው ተመልሰው ይጠየቁ። ተራኪው በሕይወት ሳሉ ነው ታዲያ።

በዚህ ሴሚስተር ከአማርኛ መምህራን ጋር ሆነን እንዲህ ያለ የስም ዝርዝር ማዘጋጀት እንጀምራለን። ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣችሁ ተማሪዎች የአካባቢያችሁን የጎጥና የወንዝ ስሞች፣ ከነመጥበቃቸውና ከነመላላታቸው ጽፋችሁ ለክፍሉ ጽሕፈት ቤት ብትሰጡን እንቀበላለን። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።