የዘፈን ስንኝ በሰው ልብ የሚቀረው ስለ ምንድር ነው?

ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚጽፉ ጓደኞች በዚህ መጽሔት ስለማይጠፉ፣ እኔ ስለ ዘፈን ስንኝ ለመጻፍ መርጫለሁ። ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ዘፈን የሠርግ ቤትና የጠጅ ቤት ነገር ነው እየተባለ ሲነገረን አድገናልና። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሕዝባችን ማንበብና መጻፍ ባልቻለበት ዘመን የደስታውንና የኀዘኑን መዝገብ የያዘለት ይኸው የሁለት መሥመር ግጥም ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ስንኝ ያለ መጽሐፍ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዛሬም አሉ። ታዲያ ያ አንዱ ስንኝ ሲቀር ሌላው ሺሁ ስለ ምን ጠፋ?

በመጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ባረፉ ጊዜ የወጣውን ሙሾ እንመልከት። ገጣሚው ማን እንደ ሆነ አይነገርም፤ ግጥሙን ግን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ሙሾው ንጉሡን አንድ ጊዜ እንኳ ጀግና ብሎ አለመጥራቱ ነው። አንበሳም፣ ነብርም አላላቸውም። እንደ ጦር ሜዳ መልእክተኛ የሞተውን ሰው ቈጥሮ ይነግረናል፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከልም ወንድ ሆኖ የሞተውን ሲቈጥር አንድ ላይ ያቆማል። ምስጋናው ያለው በቊጥሩ ውስጥ ነው። አልቃሿ ብታወድሳቸው ኖሮ ወዳጅ ያመሰግናል፣ ጠላት ይነቅፋል፤ ዳሩ ግን ቊጥርን ማን ይከራከረዋል? በጠላት እጅ ላለመያዝ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያሳለፉ ንጉሥ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰሚ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ሰሚው የሚሞላው ክፍት ቦታ የተወለት ስንኝ ቶሎ አይረሳም ብዬ አምናለሁ።

የዚሁ ንጉሥ ታሪክ ሌላም የግጥም ነገር ይዟል። በኅዳር ወር 1845 ዓ.ም.፣ ገና ደጃዝማች ካሣ ተብለው በሚጠሩበት ጊዜ፣ የጎጃሙ ገዢ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በጉር አምባ ጦር ገጠሟቸው። የጎሹ አዝማሪ ከጦርነቱ አስቀድሞ ካሣን ጥቂት ሰው አስከትሎ የሚወርድ እብድ አድርጎ በግጥም ተሳለቀባቸው፤ ሠራዊቱም ሣቀ። ውጊያው ሲያልቅ ግን ጎሹ ሞቱ፣ አዝማሪውም ተማረከ። ካሣ ምን ብለህ ሰደብኸኝ ብለው በጠየቁት ጊዜ ስድቡን አልደገመም፤ በራሱ ላይ ግጥም ገጠመ። አፍ ሥራ ሲያጣ ወዳጁን እንደሚያማ ተናግሮ፣ እንዲህ ላለ አዝማሪ ሽመል እንደሚገባው ራሱ ፈረደ። ምሕረት ለማግኘት ያሰበው ይመስለኛል። ካሣም እንደ ግጥሙ ፈረዱበትና በዱላ ተደብድቦ ሞተ ይባላል። ሁለቱም ግጥሞች እስከ ዛሬ ይነገራሉ፤ ይሁን እንጂ ሰው አዘውትሮ የሚጠቅሰው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው የአንድ ቀን ሣቅ ነበረ። ሁለተኛው ግን አፉ ያመለጠውን ሰው ሁሉ ይመለከታል፤ ከእኛ መካከል እንዲህ ያልሆነ ማን አለ?

አሁን ወደ ግጥሙ አሠራር ልለፍ። የአማርኛ አስተማሪዎቻችን እንደሚያስተምሩን፣ በዘፈን እጅግ የተለመደው የወል ቤት የሚባለው ነው፤ መሥመሩ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ በመካከሉ ትንሽ ዕረፍት አለው። አሥራ ሁለት ቀለም በአንድ ትንፋሽ ይባላል፤ ሁለት መሥመርም በአንድ መስማት ይያዛል። ከዚህ በላይ ግን ለስንኝ መቆየት ትልቁን ሥራ የሠራው በአዝማሪ ቤት ያለው ልማድ ነው። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ሲቆም፣ ከእንግዶቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪውም ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። አንዱ የከዳችውን ያማል፣ ሌላው ወንድሙን ያስታውሳል፣ ሦስተኛው ማዶ የተቀመጠውን ባላጋራውን ይወጋል። እንግዲህ ሰሚ የምንለው ሰው በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ነው። የሰጠው ግጥም ጥሩ ከሆነ በማግሥቱ በሌላ ቤት ይዘፈናል፣ ከዓመት በኋላም በሌላ አውራጃ ይሰማል፤ የባለቤቱ ስም ግን በመንገድ ላይ ይወድቃል። የጠፋውን ስም ሳስብ አዝናለሁ፤ ቢሆንም ስንኙ የማንም ስላልሆነ የሁሉ ሊሆን ችሏል።

ስለ ሰምና ወርቅ ሳልናገር ባልፍ አንባቢ ይቈጣኛል። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው፤ አንጥረኛው ጌጡን በሰም ይቀርጽና በጭቃ ይለብጠዋል፣ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። በግእዝ ቅኔ የተራቀቀው ይህ ጥበብ በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ሌላ ረዳት አግኝቷል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይለይም፤ የበዓሉ ገና እና «ገና አልመጣም» ስንል ያለው ገና በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ «ተናገረ» ለማለት የምንጽፈው አለ እና «ይገኛል» ለማለት የምንጽፈው አለ እንዲሁ አንድ ናቸው። በንግግር ጆሮ ይለያቸዋል። ዘፋኝ ግን ቃሉን በዜማ ሲስበው መጥበቁና መላላቱ ይደበዝዛል፣ ሁለቱም ትርጓሜ በአንድ ጊዜ ይቆማል። አንዱ የፍቅር ነገር ሲሰማ፣ ጎረቤቱ የግብር ነገር ይሰማል፤ ሁለቱም ለየራሳቸው ይሥቃሉ።

ይህንን ኃይል ገዢዎች ሳያውቁት አልቀሩም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችና እየዞሩ ወሬና ታሪክ ለሕዝብ የሚነግሩ ሰዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዝዟል። መትረየስና አውሮፕላን የያዘ ጦር ዱላና ቃል ብቻ ይዞ የሚዞርን ሰው መፍራቱ ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላም፣ የክብር ዘበኛ ድምፃዊ የነበረው ጥላሁን ገሠሠ ታስሮ ነበር። «አልቻልኩም» የተባለውን ዘፈኑን ብንመረምረው በላዩ የፍቅር ብሶት ነው፤ ሕዝቡ ግን የዘመኑን ብሶት ሰማበት፣ መንግሥትም ሕዝቡ የሰማውን ሰማና በክፉ ዓይን አየው። ገጣሚው የቱን አስቦ እንደ ጻፈው መጠየቅ እዚህ ላይ ጥቅም ያለው አይመስለኝም። በደርግ ዘመንም የዘፈን ግጥም ከመቀዳቱ አስቀድሞ ለሳንሱር ይቀርብ ነበር፤ ሆኖም ወረቀቱን የሚያነብ ሹም ዜማውን አይሰማም፣ ወርቁም ብዙ ጊዜ በዚያ ያልፍ ነበር።

የስንኝን ኑሮ በጣም የለወጠው ግን ገዢም ጦርም አይደለም፤ ሸክላ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በበርሊን ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ሲመለሱ፣ በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያዎቹ የዘፈን ሸክላዎች ተገኙ። በኋላ ዘመን የሸክላ ሥራ መብት በ1927 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ አምኃ እሸቴ ይህን አልፎ በ1961 ዓ.ም. ገደማ በዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን «አምኃ ሪከርድስ»ን ጀመረ። ሸክላው በአንድ ገጹ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አዝማሪ ሌሊቱን ሙሉ እንደ እንግዳው ሲለዋውጠው ያደረ ዘፈን በአራትና በአምስት ስንኝ መወሰን ግድ ሆነበት።

ትዝታን ለምሳሌ ብንወስድ ነገሩ ይገለጣል። ትዝታ የቅኝት ስም ነው፣ የዘፈንም ስም ነው፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች አንዱ ነው። የተወሰነ ግጥም የለውም፤ ካሣ ተሰማም፣ ሜሪ አርምዴም፣ አስናቀች ወርቁም ክራራቸውን ይዘው የየራሳቸውን ስንኝ ሰድረውበታል። በልብ የሚቀረውም ሰው በየራሱ ምክንያት የመረጠው ነው፤ ልጁ ባሕር ተሻግሮ የቀረበት አባት የመንገዱን ስንኝ ይይዛል፣ ባልዋ የሞተባት የቤቱን። ሸክላው ከመጣ በኋላ ግን ሰው በሰማው ብቻ መጽናት ጀመረ። አያቶቻችን ከሸክላ፣ ወላጆቻችን ከካሴት፣ እኛ ደግሞ ከስልክ ተምረነዋል። ይህን መጽሔት ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ ስትገቡ ሦስቱንም ትዝታ እንዲያንጐራጕሩ ጠይቁአቸው። ዜማው ይስማማል፤ ስንኞቹ ግን አይገናኙም፣ እያንዳንዱም ትክክለኛው የእኔ ነው ብሎ ይሟገታል።