ዝገትን ስለ ማስለቀቅ፤ የአሸዋ ርጭት ታሪክና ምርጫው

ሰው ብረትን ከአፈር አቅልጦ ማውጣት ከተማረበት ጊዜ ጀምሮ ከዝገት ጋር ሲታገል ኖሯል። ብረት አየርና ርጥበት ባገኙት ቍጥር ወደ ጥንተ ተፈጥሮው ለመመለስ ይጣደፋል፤ ዝገት ማለትም ይኸው የመመለሻው መንገድ ነው። ስለዚህ የብረት ዕቃን ዕድሜ ማርዘም የሚቻለው ዝገቱን አስለቅቆ ንጹሑን ገላ በቀለም ወይም በዘይት በመሸፈን ነው። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዝገቱን የሚፍቀው መሣሪያ ብረቱንም መፋቅ ስለሚችል፣ ያላስተዋለ ሰው ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን ያጠፋል። ዛሬ የምናወሳውም የዚህን የመምረጥ ጥበብ ታሪክ ነው።

የጥበቡ መሠረት በባዕድ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከወልቂጤ ጥቂት አልፎ ያለውን፣ ብዙ ሰው በሆስፒታሉ የሚያውቀውን አታትን ብንመለከት፣ የአካባቢው ኑሮ የተመሠረተው በእንሰት ላይ ነው። የጉራጌ እናቶች እንሰቱን በሳንቃ ላይ አስደግፈው ሲፍቁ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይጠቀማሉ። ስለታም ቢላዋ ቢሆን ቃጫውን ይቈርጠው ነበር፤ ቀርከሃው ግን ለቆጮ የሚሆነውን ለስላሳ ክፍል ገፎ ሲያወጣ ቃጫውን ሳይበጥስ ይተወዋል። ቃጫውም ለገመድ ይሆናል። ከዚህ የምንማረው ሕግ፣ መፋቂያ ከሚለቀቀው ነገር የጠነከረ፣ ከሚቀረው ነገር ግን የለዘበ ይሁን የሚል ነው። አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚያጠራ ባለሙያም ከዚህ ሕግ ሊወጣ አይገባውም።

አሸዋን በኃይል ረጭቶ የማጥራትን ዘዴ የፈለሰፈው ቤንጃሚን ቹ ቲልማን የተባለ የፊላደልፊያ ሰው ሲሆን፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የጦር መኮንን ነበረ። የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በጥቅምት 1863 ዓ.ም. ማለት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1870 ነው፤ ያን ጊዜ በአገራችን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነግሠው ነበር። መሣሪያው አሸዋን በእንፋሎት ወይም በታመቀ አየር ኃይል ከቱቦ እያስወነጨፈ፣ የበረሓ ነፋስ ድንጋይን በብዙ ዘመን የሚፈገፍገውን ያህል በጥቂት ደቂቃ ይፈጽማል። መስተዋት ለመቅረጽና በድንጋይ ላይ ለመጻፍም፣ ዝገትና አሮጌ ቀለም ለማስለቀቅም ዋለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሓና ተራራ በማቋረጥ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያም በፋሺስት ወረራ ዘመን የጣልያን ከባድ መኪናዎችና ጋራዦች በዙ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ቢወጣም፣ ባትላሜራ፣ ጎሚስታ፣ ኩሽኔታና ቴስታታ የሚባሉት የሙያ ቃላት በእጅ ባለሙያዎቻችን አፍ ቀሩ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች በማኅበር ተደራጅተው ከየኪሳቸው ገንዘብ በማዋጣት መንገድ ሲያሠሩ፣ መኪና ወደ ገጠሩ ዘለቀ። አሮጌው መኪና ደግሞ ተፈታትቶ በመርካቶ ሶማሌ ተራ እንደ ገና ዋጋ አገኘ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የማጥሪያው መሣሪያ በአብዛኛው ናፍጣ፣ የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ነበረ፤ አድካሚ ቢሆንም በእጅ ሥር ያለ ሥራ በመሆኑ ብዙ ጥፋት አያደርስም ነበር።

የአየር መጭመቂያና አሸዋ ሲመጡ ሥራው ፈጠነ፤ ከፍጥነቱ ጋር ግን ሁለት ጉዳት መጣ።

የመጀመሪያው ጉዳት በሰው ላይ የሚደርሰው ነው። የወንዝ አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ ስለ ሆነ፣ ከብረት ጋር ተላትሞ ሲደቅ ዓይን የማያየው የሲሊካ አቧራ ይሆናል። አቧራው በሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ያበጃል፤ በሽታውም ሲሊኮሲስ ይባላል፤ ፈውስ የለውም። እንግሊዝ ሲሊካ ያለበትን አሸዋ በፋብሪካ ለዚህ ሥራ እንዳይውል በ1949 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ ከለከለች። ይህ በታወቀ በ60 ዓመቱ ግን በቱርክ አገር ጂንስ ሱሪን ያረጀ ለማስመሰል አሸዋ ይረጩ የነበሩ ወጣቶች በዚሁ በሽታ ረገፉ፤ መንግሥቱም በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራውን ከለከለ። በአፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ ይህን አቧራ አያግድም።

ሁለተኛው ጉዳት በዕቃው ላይ ነው። ኳርትዝ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 7ኛ ነው፤ አሉሚኒየም ግን 3 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ካርቡራተርን ወይም የአሉሚኒየም ቴስታታን በአሸዋ መርጨት፣ የእንሰትን ቃጫ በመጥረቢያ እንደ መፋቅ ነው። የመኪናው አካል ላሜራም ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቀጭን በመሆኑ፣ በኃይል ሲደበደብ ይለጠጥና ይጣመማል።

ለምርጫው እንግዲህ ከሚቀረው ዕቃ መነሣት ነው። ለሻንሲ፣ ለቸርኬና ለሌላው ወፍራም ብረት የአረብ ብረት ፍርፋሪ ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ተስማሚ ነው። ለአሉሚኒየም ዕቃ ደቃቅ የብርጭቆ እንክብል በዝቅተኛ ግፊት ይበጃል። ቅባትና ቀለም ብቻ ለማስለቀቅ ደግሞ የደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም የዋልነት ቅርፊት ተፈጭቶ ይረጫል። ከሁሉ የሚለዝበው ቤኪንግ ሶዳ ነው። በኒውዮርክ የሚገኘው የነጻነት ሐውልት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲታደስ፣ ከውስጥ የተቀባው ሬንጅ ከቀጭኑ መዳብ የተላቀቀው በዚሁ ነበር። ሶዳ ግን የከበደ ዝገት አያነሣም፤ ትራፊው በውኃ ካልታጠበም ቀለም አይዝም።

የማይረጩም አሉ። በሞተሩ የዘይት መተላለፊያ ውስጥ አንዲት ፍሬ ብትቀር ኩሽኔታውን ትበላለች፤ ስለዚህ ቀዳዳው ሁሉ አስቀድሞ መደፈን አለበት። በአሮጌ መኪና የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ፣ በአሮጌ ቀለም ውስጥም እርሳስ ሊኖር ስለሚችል፣ እነዚህን በደረቁ ማቡነን መርዝ መዝራት ነው። የጠራው ብረትም ርቃኑን ሊያድር አይገባውም፤ በዚያው ዕለት ቀለም ካልጠጣ ዝገቱ ይመለሳል።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህ ነገር ለጋራዥ ሰው ብቻ የሚነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል፣ ቀድሞ የገባውን መኪና የማቈየት ሥራ ክብደት ጨመረ። ለመሥሪያ ቤቱ መኪና ጥገና ውል የሚዋዋልና የክፍያ ወረቀት የሚፈርም ሹም ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋንና ቀንን ነው። ከእንግዲህ ግን በምን እንደሚረጩትና የሚረጨው ሠራተኛ ምን እንደሚተነፍስ ደግሞ ይጠይቅ። ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ጋራዥ ከወንዝ ያመጣውን አሸዋ በገላጣ ግቢ የሚረጭ እንደ ሆነ፣ በዋጋው ያልተጻፈውን ቀሪ ሒሳብ የሚከፍለው የአንድ ወጣት ሳንባ ነው። የተበላ ብረት በሌላ ብረት ይተካል፤ ለሳንባ ግን ሶማሌ ተራም መለዋወጫ የለውም።