መከላከያ ገቺ

ኩላሊት የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን ከሚውጣቸው መድኃኒቶች ዋነኞቹን ሐኪሞች «ኢሚውኖሰፕረሳንት» ይሏቸዋል። በአማርኛ «መከላከያ ገቺ» ብንላቸው ይስማማል። «አፋኝ» ማለትም ይቻላል፤ እኔ ግን «ገቺ»ን እመርጣለሁ። መድኃኒቱ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም እንደ ልጓም ይይዘዋል እንጂ አያጠፋውም። ከመጠን በላይ ከተያዘ ኢንፌክሽን ይበረታል፤ ከላላ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥረው ያጠቁታል።

እ.ኤ.አ. በ1954 ጆሴፍ መሬይ ቦስተን ውስጥ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያደርግ ይህ መድኃኒት አላስፈለገውም፤ ሰጪና ተቀባይ ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ላለው ዝምድና ግን፣ የእናት ኩላሊት እንኳ ቢሆን፣ ገቺው የግድ ነው። በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከዘመድ ኩላሊት ለተቀበሉትም እንዲሁ።

በ1960ዎቹ አዛታዮፕሪን፣ በ1980ዎቹ ከሻጋታ የተገኘው ሳይክሎስፖሪን፣ ቀጥሎም ጃፓን ጹኩባ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የወጣው ታክሮሊመስ መጡ። የትኛው ይሻላል? በ2007 ውጤቱ የታተመው «ሲምፎኒ» የተሰኘ ጥናት 1,645 ታማሚዎችን በአራት ቡድን ከፍሎ አነጻጽሯል። ሁሉም ማይኮፌኖሌትና ስቴሮይድ የተባሉ ተጨማሪ ገቺዎችን ይወስዱ ነበር። ከአራቱ የሦስቱን ቡድኖች ውጤት ብናይ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰውነታቸው ኩላሊቱን «አልቀበልም» ያለባቸው፣ በዝቅተኛ መጠን ታክሮሊመስ ከወሰዱት 12.3 በመቶ፣ በተለመደው መጠን ሳይክሎስፖሪን ከወሰዱት 25.8 በመቶ፣ ሲሮሊመስ የተባለውን ሌላ ገቺ በዝቅተኛ መጠን ከወሰዱት ደግሞ 37.2 በመቶ ናቸው። የኩላሊቱ ሥራም በታክሮሊመስ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በብዙ አገር ታክሮሊመስ ቀዳሚ ምርጫ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሆኖም ለሁሉም ይበጃል ማለት አይደለም። ታክሮሊመስ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ የስኳር በሽታም ያስከትላል። ሳይክሎስፖሪን ድድ ያሳብጣል፣ ጸጉር ያበዛል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ሁለቱም ከመጠን ሲያልፉ የሚጎዱት ያንኑ ሊጠብቁት የተሰጡለትን ኩላሊት ነው። ማይኮፌኖሌት ሆድ ያስቀምጣል፤ ጽንስንም ስለሚጎዳ፣ መውለድ የምትፈልግ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟ ብዙ ጊዜ ወደ አሮጌው አዛታዮፕሪን ይመልሳታል።

የታክሮሊመስ መጠን የሚስተካከለው በደም ምርመራ ነው። የሚለካው የሚቀጥለው መድኃኒት ሊወሰድ ሲል በደም ውስጥ የቀረው መጠን ስለሆነ፣ በምርመራው ጠዋት ክኒኑን ይዞ መሄድና ደም ከተሰጠ በኋላ መዋጥ ያስፈልጋል። ቀድሞ የዋጠ ሰው ውጤቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሐኪሙም ያንን አምኖ መጠኑን ሊቀንስበት ይችላል።