ትምህርት ቤታችን ለማን ተከፈተ?

ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ያን ሐዘን ገና አልረሱትም ነበር። ኮሌጁ መጀመሪያ ያሠለጠነው እንደኔ ያለውን ሐኪም አይደለም፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነው። ሦስቱ እንደ ኮላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች አብረው ይለማመዱ ነበር። መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ ቤት ለቤት ዞራ እናቶችን ታያለች፣ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያስጠብቃል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። የሐኪሞች ትምህርት የመጣው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ተማሪ ሳለን ለቡድን ሥልጠና ገጠር ስንወጣ ጊዜዬ የባከነ ይመስለኝ ነበር። ልቤ ያለው ዎርድ ውስጥ ነዋ!

ተመርቄ ወረዳ ሆስፒታል ተመደብኩ። አንድ ሌሊት አንዲት ወላድ በቃሬዛ መጣች። ደሟ ፈሶ አልቋል፤ ያለንን ሁሉ አደረግን፣ አልተረፈችም። ባሏ «ዶክተር፣ ትናንት ነው የጀመራት፤ ወንዙ ሞልቶብን ነው» አለኝ። እኔ የተማርኩት ሆስፒታል ከደረሰች በኋላ ያለውን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ሊያሳዩኝ ገጠር ሲወስዱኝ ግን አልሰማሁም።

በ1995 ዓ.ም. የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን ሲመድብ፣ የእኛው ኮሌጅ የቆየ ሐሳብ መስሎ ታየኝ።

መምህራን፣ አደራ! ተማሪው ቢያጉረመርምም የገጠሩን ጊዜ አትቀንሱበት። እኔም አጉረምርሜ ነበር።